ሁለት ደቂቃ በሰም ላይ፦ የዌልስን ባህላዊ ሙዚቃ ስለ ማዳመጥ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙዚቃ ተማሪዎችና የዜማ ወዳጆች፤

የዌልስ ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ተሰልፈው የሚዘምሩ ወንዶችን ነው። ያ ዝማሬ ውብ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጸሎት ቤቶችና በከሰል ማዕድን ከተሞች ያደገ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ከእሱ ስለሚቀድመውና ጎን ለጎን ስለኖረው ዜማ ነው፦ በገበሬ ቤት ምድጃ አጠገብ አንድ ሰው ያለ አጃቢ ስለሚያዜመው፣ በሃርፕ፣ በትልቁ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ፣ ስለሚደረደረው፣ ለገና ማለዳ ስለሚዘመረው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ ዜማ እኛ ጋ የደረሰው በአብዛኛው በቀረጻ ነው። ቀረጻ ደግሞ የሚይዘው መሣሪያው የቻለውን ያህል ነው። መሣሪያውን ሳያውቁ ዘፈኑን መመዘን ስለሚያሳስት፣ ከመሣሪያው እንጀምር።

ከ1910 ጀምሮ ሩት ኸርበርት ሉዊስ የተባሉ ሴት ፎኖግራፍ፣ ድምፅን በሰም ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ፣ ይዘው በሰሜን ምሥራቅ ዌልስ፣ በፍሊንትሺርና በክሉዊድ ሸለቆ፣ አረጋውያንን እየፈለጉ ያስዘፍኑ ነበር። ከዘፋኞቹ አንዳንዶቹን ያገኟቸው በሆሊዌል የድሆች መጠለያ ውስጥ ነው። የሰበሰቡት በ1914 በመጽሐፍ ታተመ። ታዲያ በጊዜው የተለመደው የሰም ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ረጅም ግጥም ያለው ዘፈን በዚያ ውስጥ አይገባም። አንዲት አሮጊት ሁለትና ሦስት አንጓ ብለው ድንገት ሲያቆሙ ከሰማችሁ፣ ያለቀው ሰሙ እንደሆነ አስቡ፤ የቀረውን ግጥም ከታተመው ስብስብ ፈልጉ።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነት ነው። ሲሊንደሩ በደቂቃ 160 ዙር እየዞረ ተቀርጾ፣ ወደ ሌላ ቅጂ ሲገለበጥ በ151 ዙር ከተጫወተ፣ ዜማው በሙሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ዘፈኑም ይንቀረፈፋል። ዘፋኙ ያለ ወትሮው ጎርናና ወይም እንደ ሕፃን ቀጭን መስሎ ከተሰማችሁ ፍጥነቱን ጠርጥሩ። እንዲህ ካለ ቅጂ ላይ ዜማውን በኖታ ስትጽፉ ስለ ትክክለኛ ከፍታው አትማሉ፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ፍጥነቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ይታመናል።

ሦስተኛው እጅግ የሚያሳዝነን ነው፤ ቅጂውን ለማጥራት ተብሎ የሚደረግ ጉዳት። ዌልስኛ አንድ ልዩ ድምፅ አለው፤ ምላስን ለ«ል» በሚሆነው ቦታ አስቀምጦ አየሩን በጎን ማስወጣት። ይህ ድምፅ ራሱ እንደ ፉጨት ያለ ሹክሹክታ ነው። የኮምፒውተር ማጽጃው የሰሙን ሽሽታ ሲጠርግ ይህን ድምፅና «ስ»ን አብሮ ይጠርጋቸዋል፤ ግጥሙም ጥርስ አልባ ይሆናል። ሁለት ቅጂ ካገኛችሁ ጫጫታ ያለበትን ምረጡ። ጆሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጫጫታውን ይለምደዋል፤ የተቆረጠው ግን አይመለስም።

የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዚያው ዘመን ጀርመን ውስጥ የተቀረጹት በሸክላ ነው። ለሸክላ አያያዝ የሚከተለው ለሁለቱም አገር ይሠራል። የባለ 78 ዙሩ ሸክላ መርፌ የጫፉ ሬዲየስ 0.076 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ረጅም ጊዜ የሚጫወት ዲስክ (ኤልፒ) መርፌ ግን 0.018። ቀጭኑን መርፌ በሸክላ ላይ ብታስቀምጡት ቦዩ ሥር ወርዶ ቆሻሻውን ያነባል። ሸክላን ደግሞ በአልኮል አትጥረጉት፤ አልኮል ያሟሟዋል። የተጣራ ውኃ፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት ሳያርሱ።

ከካርዲፍ አጠገብ ያለው የሴንት ፋጋንስ ሙዚየም በ1948 ተከፈተ። ባለሙያው ሮይ ሴር ከ1963 ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ በቴፕ ቀረጸ። ቴፕ ጊዜ ሰጠ፤ ዘፋኙ እስከ መጨረሻው አንጓ ይዘልቃል፣ ዘፈኑን ከማን እንደተማረም ይናገራል። ሙዚየሙ ከእነዚህ ቅጂዎች ብዙዎቹን ከግጥማቸው ጋር በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧል። አንዱን ስትከፍቱ ከዜማው በፊት ሦስት ነገር በደብተር ጻፉ፦ የተቀረጸበትን ዓመት፣ የዘፋኙን መንደር፣ ከማን እንደተማረው። እነዚህ ከሌሉ የአንድን ዘፈን ሁለት ቅጂዎች ማወዳደር አይቻልም።

ፍለጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቋንቋው ጠባይ ነው። ዌልስኛ የቃሉን መነሻ ፊደል ይለውጣል። ሃርፕ «ቴሊን» ነው፤ «ሃርፑ» ለማለት ግን «ኧ ዴሊን»። ዘፈን «ካን» ነው፤ «ዘፈኑ» ሲሆን «ኧ ጋን»። በአንዱ ፊደል ፈልጋችሁ ባዶ ከመጣ በሌላው ሞክሩ፤ ቅጂው እዚያው ተቀምጦ ይሆናል።

አሁን ወደ ሃርፑ። ባለ ሦስት ረድፉ ሃርፕ የመጣው ከጣሊያን ቢሆንም አጥብቃ የያዘችው ዌልስ ናት። ሦስት ረድፍ ክር ጎን ለጎን ቆሟል። ሁለቱ የውጭ ረድፎች አንድ ዓይነት ተቃኝተዋል፤ መካከለኛው ረድፍ ግማሽ ድምፆቹን ይዟል፣ ተጫዋቹም በውጭዎቹ ክሮች መካከል ጣቱን አሾልኮ ይነካዋል። ውበቱ ያለው በሁለቱ መንትያ ረድፎች ነው። አንዱን ድምፅ በግራ እጅ ከዚህ፣ ያንኑ በቀኝ እጅ ከዚያ በፍጥነት ሲያከታትሉት የመጀመሪያው ክር ሳይታፈን ሁለተኛው ይደርብበታል፤ ድምፁ እንደ ውኃ ላይ ፀሐይ ይርገበገባል። በባለ ፔዳሉ ሃርፕ፣ ቅኝቱ በእግር መርገጫ በሚለወጠው፣ ይህን ስትሞክሩ ያው ክር ሲነካ የቀድሞው ድምፅ ይቋረጣል። ናንሲ ሪቻርድስ (1888–1979) ይህን አጨዋወት ሊጠፋ ሲል አቆዩት፤ መሣሪያውንም በጥንቱ ወግ በግራ ትከሻቸው ያሳርፉት ነበር። ቅጂ ስትገዙ ሽፋኑ ላይ «ቴሊን ዴይረስ» (ባለ ሦስት ረድፍ ሃርፕ) የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ «ቴሊን» ብቻ ከሆነ ባለ ፔዳሉ ሊሆን ይችላል።

በሃርፕ ግጥም የማዜም ጥበብም አላቸው፤ «ከርዝ ዳንት» ይሉታል። ሃርፑ አንድ ዜማ ይጀምራል፣ ዘፋኙ ቆይቶ በሌላ ዜማ ይገባል፣ ሁለቱ እኩል ይጨርሳሉ። መዘግየቱ ስህተት እንዳይመስላችሁ።

ክራር ለያዛችሁ ደግሞ ክሩዝ አለ። ሁለት ቋሚ፣ ከላይ ቀንበር፣ ከታች ገበቴ፤ አካሉ የክራር ዘመድ ነው። ግን በመሐል የጣት መርገጫ አለው፣ የሚጫወተውም እንደ መሲንቆ በደጋን ነው። ስድስት ክሮቹ በጥንድ በጥንድ በኦክታቭ ይቃኛሉ፤ ሁለቱ ከመርገጫው ውጭ ስለሆኑ በአውራ ጣት ይነካሉ። በርኩማው ጠፍጣፋ ስለሆነ ደጋኑ ብዙ ክር በአንዴ ያሰማል፤ የበርኩማው አንደኛው እግር ደግሞ በገበቴው ቀዳዳ አልፎ የገበቴውን ጀርባ ይነካል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የክሩዝ ጨዋታ ወግ የተቋረጠው ቀረጻ ሳይመጣ ነው። ዛሬ የምትሰሙት ሁሉ፣ የዛሬዋን የክሩዝ ተጫዋች የካስ ሜይሪግንም መልካም ሥራ ጨምሮ፣ ከድሮ መሣሪያዎችና ጽሑፎች ተነሥቶ እንደገና የተገነባ ነው። ስለ አጨዋወቱ እንደ ግምት እንጂ እንደ ማስረጃ አትጥቀሱት።

ለመነሻ ዘፋኙ ሜሬዲድ ኤቫንስ በ1954 ፎክዌይስ ለተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ የቀረጹትን ያዙ፤ ማብራሪያ ደብተሩ በነፃ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ የሚዘፈነውን የዌልስ ወገን ለማወቅ የጋወር ልሳነ ምድሩን ፊል ታነርን (1862–1950) ስሙ። ከዚያ የሞንትጎመሪሺርን የገና መዝሙር፣ ፕልጋይንን። ዘማሪዎቹን ማንም አይጠራቸውም፤ ቡድኑ በራሱ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣል፣ ያለ መሣሪያ ዘምሮ ይመለሳል፣ የተዘመረ መዝሙር በዚያው ሥርዓት አይደገምም። በቅጂው ላይ በመዝሙሮቹ መካከል የሚሰማው የእግር ኮቴና ዝምታ የሥርዓቱ ክፍል ነውና አትዝለሉት።

አሁን የናንሲ ሪቻርድስን ሃርፕ እናሰማችኋለን። ድምፁን ዝቅ አድርገነዋል። መጀመሪያ ዜማውን ተከተሉ፤ ሁለተኛ ስንደግመው ዜማውን ተዉትና አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ የሚመታበትን ቦታ ብቻ ቁጠሩ።