የአጋዘኖቹ ሕልም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ሕልም ላውራችሁ። የእኔ አይደለም። የንጉሥ ሕልም ነው።

ማሃባራታን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በሳንስክሪት የተገጠመ የጥንት ሕንድ ታላቅ ተረክ ነው። ከ18 መጻሕፍቱ የሦስተኛው ስም ራሱ «የጫካ መጽሐፍ» ነው። አምስቱ የንጉሥ ፓንዱ ልጆች መንግሥታቸውን በቁማር ያጣሉ። ከዚያ በቁማሩ ውል መሠረት 12 ዓመት ጫካ ሊኖሩ ይሄዳሉ። እኛ ጋ «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ሸፍቷል ማለት ነው። እነዚህ ግን ጫካ የገቡት ቃላቸውን ለመጠበቅ ነው።

ታዲያ እዚያ መብላት አለ። ያድናሉ። አንድ ሌሊት ታላቅየው፣ ዩዲሽቲራ፣ ተኝቶ ሳለ አጋዘኖች ይመጡበታል። ያለቅሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ማን እንደሆኑ ቢጠይቃቸው፣ ከእርድ የተረፍን ነን አሉት። ወንድሞችህ ፈጁን፤ የቀረነው ለዘር ያህል ነው፤ እባክህ ቦታ ቀይርልን።

ለዘር ያህል! እዚህ ጋ መጽሐፉን አጠፍኩት።

ምክንያቱም ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ትዝ አለኝ። ካንዳቫ የሚባል ጫካ ነበር። የእሳት አምላክ አግኒ ራበኝ ብሎ መጣ። የዩዲሽቲራ ወንድም አርጁና ከወዳጁ ከክሪሽና ጋር ሆኖ ጫካውን አበላው። ከእሳቱ የሚሸሸውን አውሬ እየጠበቁ ገደሉት። ከዚያ ሁሉ ፍጥረት ከቃጠሎው የተረፈው ስድስት ነው፦ አንድ እባብ፣ አራት የወፍ ጫጩቶች፣ እና ማያ የሚባል ጥበበኛ። ማያ ስላተረፉት ውለታ ድንቅ አዳራሽ ሠራላቸው። ያንን አዳራሽ ያየ የአጎታቸው ልጅ በቅናት ተቃጠለ። ቁማሩን ያመጣው ይሄ ቅናት ነው። ቁማሩ ደግሞ ጫካ ከተታቸው።

ተረኩ ይህን መስመር አስምሮ አያሳያችሁም። እኔ ነኝ የገጣጠምኩት። ግን አንዴ ከታያችሁ በኋላ አለማየት አይቻልም።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ሲነጋ ዩዲሽቲራ ወንድሞቹን ጠራ። እውነታቸውን ነው፣ 1 ዓመት ከ8 ወር በእነሱ ሥጋ ኖርን አላቸው። አልተከራከሩትም። ጓዛቸውን ሸክፈው ካምያካ ወደሚባል ጫካ ተሻገሩ።

ካምያካን ለምን እንደመረጠ ታውቃላችሁ? አውሬ የሞላበት ስለሆነ።