ጣሊያን አንድ ሕዝብ የሆነው መቼ ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳትደባልቁብኝ።

እኛ ጣሊያን ስንል የሚመጣልን ከሮም ቄሳሮች እስከ ሙሶሊኒ ቀጥ ብሎ የወረደ አንድ ሕዝብ ነው። ሙሶሊኒ ራሱም የሚወደው ይህንኑ ወሬ ነበር። እኔ ግን ባነበብኩ ቁጥር ያ አንድ ሕዝብ እየተበታተነብኝ ሄዷል።

ሮም ገና ትንሽ ከተማ ሳለች ከሰሜኗ ኤትሩስካውያን የሚባሉ ሌላ ሕዝብ ነበሩ። ደቡቡ የግሪኮች ነበር፤ ናፖሊን የቆረቆሯት እነሱ ናቸው። ከዚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ91 የምወደው ነገር ሆነ። ለሮም ሲዋጉ የኖሩ፣ ዜግነት ግን የተነፈጉ አጋሮቿ አመፁ። የራሳቸውን ገንዘብም ቀረጹ። አንዱ ሳንቲም ላይ በሬ ተኩላ ሲወጋ ይታያል። ተኩላዋ ሮም መሆኗ ነው! «ኢታሊያ» የሚል ስምም ጻፉበት። ስሙ የአመፀኞች መፈክር ነበር ማለት ነው። ሮም በመጨረሻ ዜግነቱን ሰጠቻቸው፤ ያን ሁሉ ደም ካፈሰሰች በኋላ።

ቀጣዩን በሩጫ ልለፈው። በ476 የምዕራቡ የሮም ግዛት ወደቀ። ሎምባርዶች የሚባሉ የጀርመን ነገዶች በሰሜን ገቡ፣ አረቦችና ኖርማኖች ሲሲሊን ተፈራረቁባት። ቬኒስና ጄኖዋ በባሕር ንግድ ተናነቁ። ሰው በየከተማው ነበር የሚምለው።

አንድ መንግሥት የሆኑት በ1861 ነው። ሮም እንኳ የተጨመረችው በ1870 ነው። ያኔ የሰሜኗ ከተማ የቱሪን ነጋዴና የሲሲሊ ገበሬ ቢገናኙ በየራሳቸው ቋንቋ አይግባቡም ነበር።

እንግዲህ አድዋን አስቡ። በ1896 የመጣብን መንግሥት ገና 35 ዓመቱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ የሲሲሊ ሰው ነው፤ በ1860 ከጦር መሪው ከጋሪባልዲ ጋር ለጣሊያን አንድነት ዘምቷል። ድህነት የደቡቡን ገበሬ ወደ አሜሪካ ሲያሰድደው፣ ክሪስፒ ወደ ኤርትራ ላዙረው አለ። በሰው መሬት መሆኑ ነው እንግዲህ! የገዛ አገሩ ገበሬዎች በሲሲሊ ሲነሱ ግን በ1894 ጦር አዘመተባቸው። አድዋ ላይ ሲሸነፍ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጣሊያን ውስጥም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ «ቪቫ ሜኔሊክ» እያለ ጮኸ። ይህን ስሰማ ሁሌም ፈገግ እላለሁ።

ስደቱ አልቆመም። ከ1876 እስከ 1915 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ። ኒውዮርክ ደርሰው እንኳ ናፖሊዎቹ መልቤሪ ጎዳና፣ ሲሲሊዎቹ ኤልዛቤት ጎዳና ለየብቻ ሰፈሩ። አሜሪካዊው ግን አይለያቸውም፤ ሁሉንም ጣሊያን ብሎ ይጠራል፣ ሁሉንም ይንቃል። በ1891 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ መንጋ ወጥቶ 11 ሰው ገደለባቸው። ብዙዎቹ ጣሊያን መሆናቸውን የተማሩት እዚያ ይመስለኛል፤ ከሮም ይልቅ ከአሜሪካ።

የስደተኞቹን ነገር በሚቀጥለው ክፍል ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። ቸር ሰንብቱ።