ባዳ ናሙና

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ከጀርባዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የሱሉልታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክ አይችለውም። ያባራል ብዬ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ አላባራም። እንግዲህ አብረን እንስማው።

ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ» እላለሁ። ወሬው እዚያው ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ግን ላወራው የሚገባ ነገር ገጠመኝ። እዚሁ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ አምስት ቀን ስልጠና ሰጠሁ። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላብራቶሪ ሰዎች፣ በድምሩ 32። ጠዋት ጠዋት ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግረው፣ በብርዱ እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። የሚማሩት አንድ በሽታ ከየትኛው ዘረመል ጋር እንደሚያያዝ በቁጥር መፈለግን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አላስከፈትኳቸውም። እውነቱን ለመናገር መብራትም አልነበረም። ለእያንዳንዳቸው የአንድ ብር ሳንቲም ሰጠሁና «አምስት አምስት ጊዜ ወርውሩ» አልኩ። አንድ ልጅ አምስቱንም ጊዜ አንበሳ ወጣለት። አጨበጨብንለት። «አንበሴ» ተባለ፣ እስከ ዓርብም በዚሁ ስም ተጠራ። ታዲያ ልጁ የተለየ እጅ አለው? የለውም። አምስቴ አንበሳ የመውጣት ዕድሉ ከ32 አንድ ነው፣ እኛም 32 ነበርን።

ዘረመል ፍለጋ ላይ ደግሞ የሚፈተሸው ወደ አንድ ሚሊዮን ቦታ ነው። በተለመደው 0.05 ብትሄዱ፣ ማለትም በዕድል ብቻ ከ20 አንዴ የሚወጣውን «ተገኘ» ብትሉ፣ ምንም ነገር ባይኖር እንኳ 50,000 አንበሴ ይወጣላችኋል። ለዚህ ነው የሙያው ሰዎች 0.05ን ለሚሊዮን አካፍለው 0.00000005 ላይ መስመር ያሰመሩት። ዜሮዎቹን ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደረግኩ። ከነጥቡ በኋላ ሰባት።

ሁለተኛው ቀን ተማሪው እኔ ሆንኩ። ፕሊንክ የሚባል፣ የዘረመል መረጃ የሚተነትን ሶፍትዌር አለ። የሰዎቹ ዝርዝር የሚገባበት ፋይል ስድስት ዓምድ አለው፤ ቤተሰብ፣ ግለሰብ፣ አባት፣ እናት፣ ፆታ፣ በሽታ። የፈጠራ ስሞች ያሉበት ወረቀት በተንኳቸውና ሙሉ አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነርስ «ቤተሰብ» የሚለው ሥር የእያንዳንዱን ሰው ሁለተኛ ስም ሞላች። አበበ ተስፋዬና የገዛ ልጁ ሰላም አበበ ሁለት ቤተሰብ ሆነው ቁጭ አሉ። ሰላም ደግሞ ከማታውቀው ከዳዊት አበበ ጋር አንድ ቤት ገባች። በልጅቷ አልፈርድም። የፈረንጅ ሁለተኛ ስም የቤተሰቡ ነው፣ የኛ የአባታችን ነው። ይህንን ሳላስጠነቅቅ ወረቀት የበተንኩት እኔ ነኝ።

ምን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። ስሌቱ እያንዳንዱን ሰው እንደ አንድ ምስክር ይቆጥራል። አሥር ወንድማማቾች መጥተው ቢመሰክሩ የትኛው ዳኛ ነው አሥር ምስክር የሚላቸው? እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ወድቄአለሁ። ውጤቴ ከመስመሩ አልፎ ሲወጣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ ተናገርኩ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ የዝምድና ስሌት ሠራበት። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ነበሩ። ያገኘሁት የበሽታውን ዘረመል ሳይሆን አያትየውን ነበር። ለእናቴ መልሼ መደወሉ ነው የከበደኝ።

እኛ አገር እኮ በብዙ ቦታ ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሰሌዳው ላይ አሰላነው። ወንድምና እህት በአማካይ የዘረመላቸውን ግማሽ ይጋራሉ። የአጎት ልጆች አንድ ስምንተኛ። ሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ወጥተው አንድ ባልና ሚስት ላይ ቢገናኙ ከ8,192 አንድ እጅ። ይህ ለስሌቱ ከምንም አይቆጠርም። ሽማግሌዎቹ «ከዚህ ወዲያ ባዳ ናችሁ» ያሉት እሱን ነው። ስሌቱም የሚፈልገው ባዳ ነው። ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ማንም የማይዛመዱ ናሙናዎች ብሎ አልተናገረም። ባዳ ናሙና ሆኖ ቀረ።

«ዘር» የሚለው ቃል ግን አስቸገረኝ። ናሙናው ከተለያየ ሕዝብ ሲሰበሰብ የሚመጣውን ስህተት ላስረዳ «ዘራቸው ቢለያይ» ስል ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ። ቶሎ ወደ እንጀራ ሸሸሁ። እንጀራ በሊታዎቹን ከኢትዮጵያ፣ የማይበሉትን ከኖርዌይ ሰብስባችሁ ብታወዳድሩ፣ «እንጀራ የሚያስበላ ዘረመል» በብዛት ታገኛላችሁ። ሳቁ፣ ተረፍኩ።

ረቡዕ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ አወራን። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። በባዶ እግሩ የሚሄደው ብዙ ነው፣ የሚያብጠው ጥቂቱ። ቤተሰብ ላይ ደግሞ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አወዳድሮ፣ ኤችኤልኤ በሚባለው፣ የሰውነት መከላከያን በሚመለከተው የዘረመል ክፍል ላይ ምልክት አገኘ። ከዚያ በፊት በቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት የዘር ድርሻውን 63 በመቶ ገምቶት ነበር።

አንበሴ እጁን አወጣ። «እና 63 በመቶው ዕጣ ፈንታው ነው ማለት ነው?» አይደለም። ቁጥሩ የሚለው እዚያ አካባቢ ባሉ ሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ነው። አንድ ሰው እንደሚታመም አይነግራችሁም። ዘሩ ያለበትም ልጅ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ከበሽታው ይተርፋል። ጎረቤት ግን «የዘር በሽታ አለባቸው» ብሎ የዚያን ቤት ልጅ አላጭም ይላል። በሽታው በቤተሰብ መደጋገሙን ልክ አይቷል። ፍርዱ ነው የተሳሳተው። ይህንን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ሐኪም ውሃ አቀበለኝ።

ዓርብ የቤት ሥራው የራስን የዘር ሐረግ መሥራት ነበር። ያቺ ነርስ አራተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ጠፋባት። አዳራሹ ውስጥ ሆና አያቷ ጋ ደወለች፣ በስፒከር።

«እምዬ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ።»

«ልታገቢ ነው እንዴ?»

«ኧረ ስልጠና ነው!»

«ስልጠና ሰባት ቤት አያስቆጥርም። የማን ልጅ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ማነው የሚስቀው?» አሉ። «እሱ ነው?»