ትልቋንም ዓሣ እንጠብቃት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ባሕር ላይ ለመዝናናት የምታጠምዱ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ዓሣ ማጥመድ ገደብ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ትንሹን ልቀቅ፣ ትልቁን ውሰድ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓሣ ቢያንስ አንዴ ሳይራባ መጠመድ የለበትም። የባሕር ባስ የሚባለውን የአውሮፓ ዓሣ ተመልከቱ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ 36 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መያዝ ይቻል ነበር። ሴቷ ግን በዚያ ርዝመት ገና ለመራባት አልደረሰችም። ስለዚህ ገደቡ ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ጥሩ ተደረገ።

እኔ ዛሬ የቆምኩት ግን ለትልቋ ዓሣ ልከራከር ነው። ፎቶ ለምንነሳባት፣ ለወዳጅ ለምናወራላት ለዚያችው።

ሴት ዓሣ ስታድግ የምትጥለው እንቁላል ክብደቷ ከሚጨምረው በላይ ይጨምራል። አንዲት 30 ኪሎ የምትመዝን ኮድ የምትባል የአትላንቲክ ዓሣ የምትጥለው፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ የሆኑ 28 ሴቶች ተደምረው ከሚጥሉት ይበልጣል። 28ቱ በሚዛን 56 ኪሎ ናቸው፤ እሷ ግን 30 ብቻ! እንግዲህ ከትልልቆቹ አንዷን ገድለን ትንንሾቹን ስንለቅ ምን ያህል እንደምናጎድል አስቡት።

በጾታም በኩል ጉድ አለ። ግሩፐር ከሚባሉት ዓሦች ብዙ ዝርያዎች ሕይወታቸውን በሴትነት ጀምረው ሲያድጉ ወንድ ይሆናሉ። ትልልቁን ብቻ እየለቀምን ከወሰድን ወንድ ይጠፋል። ስኑክ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወንድ ሆኖ ይጀምርና ኋላ ሴት ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም ዓሣ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የየዝርያውን አኗኗር ሳያውቁ ገደብ ማውጣት በጭፍን መሄድ ነው።

ከላይም ከታችም መገደብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ ተመናምኖ የሜሪላንድ ግዛት ከ1985 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ማጥመዱን ጨርሳ ዘግታ ነበር። ዓሣው አገገመ፤ ቆይቶ ግን እንደገና ቀነሰ። በ2023 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ የሚያጠምድ ሰው መውሰድ የሚችለው ከ28 እስከ 31 ኢንች ያለውን ብቻ ሆነ። ያውም በቀን አንድ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተፈለፈለው ብዙ ዓሣ ሳያልቅ እንዲያድግ ነው የታሰበው።

በቀን የሚያዘውን ዓሣ ብዛት በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ገደቡ የሚወጣው በነፍስ ወከፍ ነው። አጥማጁ ሲበዛ ጠቅላላው ይጨምራል፤ ማንም ሕግ ሳይጥስ። ቁጥሩ በየጊዜው መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

መልቀቅም ብቻውን አያድንም። ለስትራይፕድ ባስ ባለሙያዎች የሚይዙት ስሌት ከተለቀቁት 100 ውስጥ 9ኙ ይሞታሉ የሚል ነው። መንጠቆ የዋጠው ይደማል። ከጥልቅ ውሃ የወጣው አየር ከረጢቱ ይነፋና ተመልሶ መጥለቅ ያቅተዋል። በማጥመጃ ምግብ ስናጠምድ ክብ መንጠቆ እንጠቀም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩን እንጂ ሆዱን አይወጋም። ከጥልቅ ያወጣነውን በክብደት ወደ ታች እናውርደው። ዓሣውንም በረጠበ እጅ እንያዝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በምናወጣው ደንብ ላይ ከትንሹ ርዝመት ጎን የትልቁም ይጻፍ። ርዝመቱ እስከ ጅራት ጫፍ ይሁን ወይስ እስከ ጅራቱ መሰንጠቂያ፣ ያም በግልጽ ይቀመጥ። የተያዘውም ዓሣ የብስ እስኪደርስ ጭንቅላቱና ጅራቱ አይቆረጥ፤ አለዚያ መለካት አይቻልም።

አመሰግናለሁ።