ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኮኔክሽን ግን የለም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዩ የግቢ ዋይፋይ ነው።

ግቢ የኖረ ሰው ይህችን ነገር ያውቃታል። ስልክህን ታወጣለህ። የዋይፋይ ምልክቷ እስከ አናቷ ሙሉ ናት። መምህሩ ቴሌግራም ላይ የለቀቀውን ፒዲኤፍ ትነካለህ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች። አጠገብህ ያለው ልጅ "ዝጋና ክፈተው" ይልሃል። ዘግተህ ትከፍታለህ። አሁንም ትዞራለች። ከዚያ ሁለታችሁም ተያይዛችሁ የአይሲቲ ሰዎችን መርገም ነው።

እኔ እርግማኑ ሁልጊዜ ቦታውን ያገኛል ብዬ አላምንም። ያቺ ሙሉ ምልክት የምትነግርህ ነገር በጣም ትንሽ ነው። ጣሪያው ላይ የተለጠፈው፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ነጭ ሣጥን ድምፁ ለስልክህ ደርሷል፣ በቃ። የስልክህ ድምፅ ወደ እሱ ስለመድረሱ፣ ተራ ስለማግኘትህ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ያለው ገመድ ስለመሥራቱ አንዳች አትልም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ይህ ነገር የተጀመረው ደሴት ላይ ነው። ጣና ዳር ተቀምጬ ሳስበው ደስ የሚለኝም ለዚያ ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ኮምፒውተር ኦዋሁ በምትባለው ደሴት ላይ ነበር፤ ሊጠቀሙበት የሚፈልጉት ሰዎች ግን ሌሎቹም ደሴቶች ላይ አሉ። የስልክ መስመሩ ውድ ነው፣ አያስተማምንም። ኖርማን አብራምሰን የሚባል መምህር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1971 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ አገናኛቸው። ስሙንም አሎሃኔት አሉት። የኛ ፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ የተከፈተው በ1963 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ሰውዬውን ወደ ሃዋይ የሳበው አንዱ ነገር ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተት ነው ይባላል። እንግዲህ ጥሩ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

አሠራሩ የሚገርም ነው። ሁሉም በአንድ ሞገድ ይልካል። መልእክት ያለው ዝም ብሎ ይለቃል። ሁለት ሰዎች እኩል ከለቀቁ መልእክቶቹ ይጋጩና ሁለቱም ይበላሻሉ። "ደርሶኛል" የሚል መልስ ሲጠፋ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ያህል ጊዜ በዘፈቀደ ይጠብቅና እንደገና ይልካል። ተራ አስከባሪ የሚባል የለም። ታክሲ ተራ ላይ ይህን ብንሞክረው ጉድ ይፈላ ነበር። እዚያም ቢሆን በነጻ አልመጣም፤ ሁሉም እንዳሻው ሲለቅ፣ ከመስመሩ አቅም ቢበዛ ሥራ ላይ የሚውለው 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር ነው።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ ይህችን ዘዴ ይዞ አንድ ጨዋነት ጨመረባት፤ ከመናገርህ በፊት አዳምጥ። ሰው እያወራ ከሆነ ቆይ።

እንግዲህ አንድ ዶርም ኮሪደር ላይ ያለን ዋይፋይ እንደ እድር ስብሰባ አስቡት። በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ነው። አንድ አባት ከወደ በሩ ቆመው፣ ደከም ባለ ድምፅ፣ ቃል በቃል ሲናገሩ ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከሁለት ብሎኬት ግድግዳ ጀርባ ሆኖ በደካማ ሲግናል ፊልም የሚያወርደው ልጅ እንደሱ ነው። እሱ ብቻ አይደለም የሚንቀራፈፈው፤ የሁላችንንም ጊዜ ይዞ ነው። ድንኳኑ ውጪና ጓዳ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዱ ሌላውን ስለማይሰማ እኩል ይጀምራሉ። ሰብሳቢው የማንንም አይሰማም።

"ኃይለኛ ራውተር ይግዙልን" የሚለው ጥያቄ ላይ የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ሣጥኑ ቢጮህ ምን ዋጋ አለው? የስልክህ ጉልበት ያው ነው። ብሎኬቱና ፌሮው መሐል ሆነህ እሱን ትሰማዋለህ፣ እሱ ግን አንተን አይሰማህም። ምልክቷ የምትሞላው፣ ክቧ የምትዞረውም በዚህ ነው። የሚሻለው ድምፁ ዝግ ያለ ብዙ ሣጥን ነው፤ ሰው ባለበት፣ ለሰው ቀረብ ብሎ የተሰቀለ። በ1990ዎቹ ካርኔጊ ሜለን የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን በሙሉ ገመድ አልባ ሲያደርግ፣ ባለሙያዎቹ ሕንጻ በሕንጻ እየዞሩ ይለኩ ነበር። ያ መዞር ነው ሥራው።

እኛም እጃችን ንጹሕ አይደለም። ዋይፋዩ ሲጎትት ሁሉም የየራሱን ሆትስፖት ይከፍታል። አብዛኛው 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ ክልል ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ እርስ በርስ የማይነካኩት መስመሮች 3 ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንድ ፎቅ ላይ ሃያ ሆትስፖት ሲከፈት ማን ማንን ያዳምጣል?

ዛፉም አለ። ባሕር ዳር ጥላ ያለበት ከተማ ነው፣ ተማሪም ዛፍ ሥር ነው የሚቸክለው። ክረምት ላይ በዝናብ የራሰ ቅጠል ይህን ሞገድ ይውጠዋል። በጋ ላይ ጥሩ ይሠራ የነበረ አግዳሚ ወንበር ሐምሌ ላይ ዝም ይላል። ሐይቁ ላይ ግን የሚጋርድ ነገር ስለሌለ ሬዲዮ ሩቅ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ሲጠፋ፣ ያ የረገምነው ዋይፋይ ምን እንደነበረ አየነው። ከኋላው የመሬት መስመር ያለው ቦታ ሁሉ ሰው ይሰበሰብበት ጀመር። ሆቴል በረንዳ ላይ በአንድ ቡና ግማሽ ቀን። አጥር ተደግፎ ስልኩን ከፍ አድርጎ የቆመ ሰው። አንዲት ልጅ በረንዳው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ከአንድ ዲቫይደር ከአምስት ስልክ ጋር ተጋርታ፣ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻዋ አንድ ፋይል ስትሰቅል አይቻለሁ። ዘጠና ምናምን በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ልጅቷ አልጮኸችም። ላፕቶፑን ግማሽ ድረስ ከደነችና ሻይ አዘዘች።

ስለዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ሥራ ለምትሠሩ አንድ ልመና አለኝ። ፍጥነቱን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ ለክታችሁ "ይሠራል" አትበሉን። ማታ 3 ሰዓት ላይ ዶርም ኑ፤ ሁሉም ተኝቶ ስልኩን በያዘበት ሰዓት። ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሂዱ። ሣጥኑ መብራት ሲሄድ አብሮ እንዳይሞት ዩፒኤስ፣ ማለትም መጠባበቂያ ባትሪ፣ ይኑረው፤ ከኋላ ሆኖ ሣጥኖቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊችም እንዲሁ።

ተማሪዎች ደግሞ፣ ስልካችሁ 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበል ከሆነና ሣጥኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ እሱን ምረጡ። ግድግዳ እንደ ልብ አያልፍም እንጂ ሰልፉ አጭር ነው። ፊልሙን ለሌሊት 8 ሰዓት አቆዩት። ሆትስፖታችሁንም ሥራ ሲፈታ ዝጉት፣ ባትሪም ይበላል።

በሚቀጥለው እንገናኝ፣ ቻው።