ከመስኮታችን ፊት ያለው ውሃ የማን ነው?

ክቡራንና ክቡራት፣ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ጀልባ ነው። የባሕር በር በሌላት አገር፣ አራት ኪሎ መሃል ተቀምጦ ስለ መልሕቅ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ጥያቄው ግን ቅርብ ነው። ሰው ውሃ ዳር ቤት ሲሠራ፣ ከቤቱ ፊት ያለው ውሃ የማን ይሆናል? እኛም በቀበና፣ በግንፍሌና በቀጨኔ ወንዞች ዳር ይህንን መመለስ ጀምረናል። ሌሎች ቀድመውን ተጣልተውበታል። እንዴት እንደተጣሉና ምን ላይ እንደደረሱ ብናውቅ ይጠቅመናል።

ከፍሎሪዳ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ያለች፣ በሦስት በኩል ውሃ የከበባት ግዛት ናት። እዚያ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ጡረታ ወጥተው፣ ቤታቸውን ሸጠው በሸራ ጀልባ የሚዞሩ ባልና ሚስት አሉ። የቤት ኪራይ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አሮጌ ጀልባ ውስጥ የገቡም አሉ። ሲመሽ ሁሉም ነፋስ የማይበዛበት፣ ማዕበል የማይነካው ቦታ ፈልገው መልሕቅ ይጥላሉ። እንዲህ ያለ ጥሩ ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሀብታም ሰው ቀድሞ ቤት ሠርቷል።

ጠቡ እዚህ ይጀምራል። ባለቤቱ ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጥ ጀልባ ተደቅኗል። የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። የተሰጣ ልብስ ይታያል። “ይህን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ለዚህ ነው?” ይላል። ጀልባው ላይ ያለው ደግሞ “ቤቱን ገዛህ እንጂ ውሃውን አልገዛህም” ይለዋል።

በመሠረቱ ሕጉ ለሁለተኛው ያደላል። ነገሩ በጣም የቆየ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ያስጻፈው የሮማ ሕግ አየር፣ ወራጅ ውሃ፣ ባሕርና የባሕር ዳርቻ በተፈጥሮ የሰው ሁሉ ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1892 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ጉዳይ ቀረበለት። የኢሊኖይ ግዛት በቺካጎ ዳርቻ ያለውን የሚቺጋን ሐይቅ ወለል ለባቡር ኩባንያ ሰጥታ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግዛቲቱ ያንን የያዘችው ለሕዝብ በአደራ ስለሆነ እንዲያ አድርጋ አሳልፋ ልትሰጠው አትችልም አለ። የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥትም ጀልባ ከሚሄድበት ውሃ ሥር ያለው መሬት ለሕዝብ ሁሉ በአደራ የተያዘ ነው ይላል።

የእኛስ? የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ የውሃ ሀብት በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ በመርህ ደረጃ ከፍሎሪዳ አንርቅም።

መርህ ግን ጎረቤትን ዝም አያሰኝም። ፍሎሪዳ፣ ማያሚ ቢች ከተማ ውስጥ ሰንሴት ሌክ የሚባል ትንሽ ውሃ አለ። ዙሪያውን ውድ ውድ ቤቶች ናቸው። ጀልባዎች እዚያ ማደር ሲያበዙ፣ አንድ ነዋሪ ትናንሽ ጀልባዎች ገዝቶ ውሃው ላይ መልሕቅ አስጥሎ ደረደራቸው። ሌላ ሰው ቦታ እንዳያገኝ ነው። አስቡት፣ ውሃው የሁሉም ነው የሚለውን ሕግ ተጠቅሞ ውሃውን ከሁሉም ዘጋው። ነዋሪዎቹ በዚህ ብቻ አልቆሙም፤ ወደ ሕግ አውጪዎቹም ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የግዛቲቱ ምክር ቤት ሰንሴት ሌክን ጨምሮ ጥቂት ቦታዎችን በስም ጠርቶ ሌሊት መልሕቅ መጣልን ከለከለ። ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ካለፈ ጀምሮ፣ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ እዚያ ማደር የለም። ሞተሩ ለተበላሸበትና ከባድ የአየር ጠባይ ለመጣበት ግን ይፈቀዳል።

እኔ ይህን ሕግ አልደግፈውም። ምክንያቴን በግልጽ ልንገራችሁ። ክልከላው ሰው ምን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም። ቆሻሻ የደፋውም፣ ንጹሕ አድርጎ የያዘውም እኩል ይባረራሉ። የሚለካው የጀልባው ሰው ጥፋት ሳይሆን የጎረቤቱ አቅም ነው። አቅም የሌለው ሰፈር ፊት ለፊት ያለ ውሃ በስሙ ተጠርቶ ሕግ ሲወጣለት አላየሁም።

ይህን ስል የቤት ባለቤቶቹ ቅሬታ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ጀልባ ያረጃል። ባለቤቱ ይታመማል፣ ገንዘብ ያጣል፣ ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ይሰምጣል። ነዳጁና የባትሪው አሲድ ውሃ ውስጥ ይቀራል። የማውጫው ወጪ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው። የሽንት ቤቱም ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ ጀልባ ከባሕር ዳር 3 ማይል ሳይርቅ ያልታከመ የሽንት ቤት ፍሳሽ መልቀቅ አይችልም። ያላከመውን ፍሳሽ በታንከር ይዞ መጥቶ ወደብ ላይ ማስመጠጥ አለበት፤ እኛ ሰፈር መጣጭ መኪና እንደምንጠራው ማለት ነው። ይህን የማያደርግ አለ። እርሱ ላይ ቅጣት ሲጣል አንድም ቃል አልቃወምም።

ግን ሚዛኑ እኩል ይሁን። ፍሎሪዳ ውስጥ ኢንዲያን ሪቨር ላጉን የተባለው ውሃ የታመመው በዋናነት ከየብስ በሚመጣ ነገር ነው። ከቤቶች የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርገው፣ ከለምለሙ ግቢ ሣር የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ የጎርፍ ውሃው። የባሕር ሣሩ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 በግዛቲቱ ከ1 ሺህ በላይ ማናቲዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ያንን ሣር አጥተው በረሃብ ነው። ማናቲ ሣር የሚግጥ ትልቅ፣ የዋህ የውሃ እንስሳ ነው። ጀልባውን በጣቱ የሚያሳየው የሰገነት ሰው የራሱ ቧንቧ የት እንደሚያልቅ ይመልከት።

ከዚህ የበለጠ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ፣ ሳውሳሊቶ አጠገብ ሪቻርድሰን ቤይ የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ። ሰዎች እዚያ መልሕቅ ጥለው ለአሥርት ዓመታት ኖረዋል። አብዛኞቹ ድሆች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚሄዱበት ሌላ ቤት የላቸውም። ችግሩ ከጀልባዎቹ ሥር ባለው የባሕር ሣር ላይ ነው። መልሕቅ የተጣለ ጀልባ አንድ ቦታ አይቆምም። ደህና እንዲይዝ ሰንሰለቱ የውሃውን ጥልቀት 5 ወይም 7 እጥፍ ያህል መለቀቅ አለበት። ነፋስ ሲዞር ጀልባው አብሮ ይዞራል፣ ሰንሰለቱም ወለሉን እየጠረገ ይከተላል። በገመድ የታሰረ በሬ ችካሉን እየዞረ የሚግጠውን ሜዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ክቡ ውስጥ ሣር አይተርፍም። ሪቻርድሰን ቤይም ከሰማይ ሲታይ እንዲያ ያሉ ራቁት ክቦች ነበሩት። ያ የባሕር ሣር ደግሞ ሄሪንግ የተባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ነው።

እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ሣሩ ድምፅ የለውም፣ ሰዎቹም አቅም የላቸውም። የአካባቢው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ከግዛቲቱ የባሕረ ሰላጤ ኮሚሽን ጋር ተስማማ። እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2026 ድረስ ሰው የሚኖርባቸው ጀልባዎች ሁሉ እንዲነሱ ተወሰነ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች የሚኖሩባቸው ጀልባዎች እየተጎተቱ ሄደው ተጨፍልቀዋል። ያ ግፍ ነበር። በኋላ ግን የቤት ኪራይ ድጋፍ ተጨመረ፣ ወደ የብስ ቤት የገቡም አሉ። ሣሩም እንዲያገግም ሥራ ተጀመረ። እኔ የምቀበለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። “ተነሣ” ከማለት በፊት “የት ትሄዳለህ?” የሚል ጥያቄ አለው።

የእንግሊዝን በአጭሩ ልለፈው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ ያዛል፤ በቂ ምክንያት ሲኖር ይራዘማል። ለንደን ውስጥ በዚህም ይጨቃጨቃሉ። ሆኖም ደንቡ ድሃና ሀብታም ሰፈር አይለይም፤ ያንን እወድለታለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የወንዝ ዳር ልማት ሲነገርና ሲሠራ አይተናል። የታቀደው 56 ኪሎ ሜትር ነው ተብሏል። አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ወንዝ ዳር ዛፍ ሲተከል ደስ ይለኛል። ልጆች እዚያ ሲሮጡ ማየት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወንዙ ሲያምር ዳሩም ይወደዳል። ቦታ ሲወደድ ደግሞ “ይህ እይታ የኔ ነው” የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። መጀመሪያ ጀበና አስቀምጣ ቡና የምትሸጠውን ሴት ያስነሣታል። ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያጠኑትን ተማሪዎች። ከዚያ አጥር፣ ከአጥሩ በኋላ ጥበቃ።

የእኛ ባለ ጀልባዎች ድልድይ ሥር ላስቲክ ወጥረው የሚያድሩት ናቸው። እነርሱም በሌሊት ጸጥ ያለ ቦታ ፈልገው ነው የገቡት። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ እንደሚወስዳቸው ስለምናውቅ እዚያ ይኑሩ አልልም። መነሣታቸው ግን እይታ ለማሳመር ሳይሆን ሕይወታቸውን ለማዳን ይሁን፤ መግቢያቸውም ቀድሞ ይታወቅ።

ወንዙን ስላቆሸሸው ሰው ስናወራም እውነቱን እንናገር። ላስቲክ ቤት ያለው ሰው የሚያቆሽሸው አለ። ነገር ግን በሌሊት የሽንት ቤት ቧንቧውን ወደ ወንዙ የሚከፍተው ባለ ፎቅም አለ። ያ ውሃ ወርዶ አቃቂ አካባቢ አትክልት ይጠጣል፣ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ደንብ የሚወጣ ከሆነ በቧንቧው ይጀምር።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። በወረዳችሁ ስለ ወንዝ ዳር ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ሕዝብ የሚሄድበት መንገድ ስፋቱ ስንት ሜትር ነው? በር ካለው ስንት ሰዓት ይዘጋል? መግቢያው በክፍያ ነው ወይስ በነፃ? የሕዝብ ሽንት ቤቱ የት ነው? ድልድይ ሥር ያሉት ከመነሣታቸው በፊት የሚገቡበት ተዘጋጅቷል ወይ? እነዚህን ጠይቁ። መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር በሉ፤ ካልሰፈረ ስብሰባው እንዳይዘጋ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄና ተቃውሞ እቀበላለሁ፤ በተለይ ወንዝ ዳር ቤት ያላችሁ ብትቀድሙ ደስ ይለኛል።