ማይክ ዘግቶ መጫወት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ጌም ነው። በተለይ ጌም ውስጥ ስላለው ስድብ።

ድሬ ላይ ቀን ቀን ሙቀቱ እንደማያስወጣ ታውቃላችሁ። በረድ ሲል ግን ሳቢያን ብትሄዱ፣ ከዚራ ብትሄዱ፣ ገንደ ቆሬ ብትሄዱ፣ ስልኩን አግድም ይዞ ያቀረቀረ ወጣት አታጡም። አብዛኛው ፓብጂ የሚባለው የተኩስ ጌም ነው። ፍሪ ፋየርም አለ፣ የኳስ ጌሙም አለ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ስኳድ፣ ማለትም የአራት ሰው ቡድን፣ ይሠራሉ። አራተኛ ሰው ከጎደላቸው ራንዶም፣ ማለትም የማያውቁትን ሰው፣ ያስገባሉ። ጣጣውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጎበዝ ተጫዋች ናት። ታዲያ ማይኳን አትከፍትም። ስሟንም የወንድ አድርጋዋለች። አንድ ምሽት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት ነበር። ጠላት ስታይ ካርታው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከስኳዷ አንዱ ተመትቶ ሲወድቅ ጭስ ወረወረች፣ በደረቷ ተሳበች፣ ደርሳ አነሳችው። ይህን ሁሉ ያለ አንድ ቃል። ልጁ ተነሳና "ማይክ ክፈት እንጂ!" አለ። ዝም። "ደንቆሮ ነህ እንዴ?" ዝም። ከዚያ እናቷን አንስቶ ሰደባት። ካነሳችው ገና ደቂቃ አልሞላም።

"ለምን አትመልሺለትም?" አልኳት።

"ድምፄን ከሰማማ ይብስበታል" አለችኝና መጫወቷን ቀጠለች።

እኔ ግን እስከ አሁን ይከነክነኛል። እሷ ለመደችው። አንዲት ልጅ በምትወደው ነገር ላይ እንዲህ ተደብቃ መኖርን መልመድ የለባትም። "ጌም ነው፣ ተይው፣ ሚዩት አድርጊው" የሚሉ አሉ። ሚዩት ማድረግ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርጋለሁ። ግን ተሰዳቢው ጆሮውን ስለዘጋ ተሳዳቢው ምን ተማረ? ወደ ሚቀጥለው ስኳድ ይሄዳል፣ እዚያም ሌላ ሰው ይሰድባል።

ሌላው ደግሞ የአነጋገራችን ነገር ነው። የድሬ ልጅ ሲሞቅበት በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ቀጥሎ፣ በሶማሊኛ ይጨርሳል። እኛ ጋ ይሄ ወግ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ጌም ላይ ግን አንዲት "አቦ" ወይም አንዲት "ወርያ" ካመለጠችህ፣ ሌላ ከተማ ያለው ልጅ ዘርህን መገመት ይጀምራል። ይገምትና ይሳሳታል። ተሳስቶም ይሳደባል። ነገሩ የተነሳው "ያንን መሣሪያ ለምን ቀድመኸኝ አነሳህ" ከሚል ነበር። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ብሔር ውስጥ ገባ። ይህን ስሰማ በእውነት እደነግጣለሁ። የሚናገሩት ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ልጆች ናቸውና።

ታዲያ ይህን የሚያደርገው ማነው? አብዛኞቻችን ጥቂት ብልሹ ልጆች ናቸው ብለን እናስባለን። እነሱን ማባረር ነው፣ አለቀ።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባለውን ጌም የሚሠራው ራዮት ጌምስ ይህንን ጥያቄ ከአሥር ዓመት በፊት በቁም ነገር ይዞት ነበር። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ብዙም ሳይቆይ በስድብ ስሙ ጠፋ። ኩባንያው ጀፍሪ ሊን የሚባል የአእምሮ ሳይንስ ያጠና ሰው ቀጠረና የተጫዋቾችን ጠባይ በመረጃ መመርመር ጀመሩ። ውጤቱ ብዙ ሰው ከጠበቀው ውጪ ሆነ። ሁልጊዜ የሚሳደቡት በጣም ጥቂት ናቸው። ከጠቅላላው ስድብ የእነሱ ድርሻም ትንሽ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ሌላ ጊዜ ደህና ከሆነ ሰው ነው። ከሥራ ተናዶ ከመጣ ሰው። በተከታታይ ተሸንፎ ከተቃጠለ ሰው። ማለትም፣ አመለኞቹን ሁሉ ብናባርር እንኳ አብዛኛው ስድብ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ወደ ሌላ ዘዴ ሄዱ። ከተጋጣሚ ቡድን ጋር የሚደረገውን ቻት ዘጉት። አልከለከሉትም፤ የፈለገ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይክፈት አሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥፎው ንግግር ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ፣ ጥሩው ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። የቻቱ ብዛት ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ሰው የፈለገውን ያወራል፤ ግን ለመክፈት ሁለት ሦስት ቦታ መንካት አለበት። በዚያች መሐል ንዴቱ ይበርዳል ብዬ ነው የማስበው።

ሌላም ሞክረዋል። ጌሙ እስኪጫን ድረስ በምንጠብቅባት ገጽ ላይ፣ የቡድን ጓደኛህ ሲሳሳት ከሰደብከው ጨዋታው ይበላሽበታል የሚል መልእክት አወጡ። በቀይ ሲጻፍ የስድብ ቃላት 11 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ያው መልእክት በነጭ ሲጻፍ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም።

እኔን የበለጠ የነካኝ ግን የቅጣቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተጫዋቾች ራሳቸው ዳኛ የሚሆኑበት አሠራር ጀምረው ነበር። የተከሰሰውን ሰው ቻት ታነባለህ፣ ይቀጣ ወይም ይቅር ይባል ትላለህ። በኋላ አሠራሩ ቀረ፤ አንድ ትምህርት ግን ተገኘበት። ምን ዓይነት ጥፋት እንዳጠፉ ብቻ የተነገራቸው ተጫዋቾች፣ ግማሽ ያህሉ በቀጣዮቹ 3 ወራት ሌላ ቅጣት የሚያመጣ ነገር አላደረጉም። የጻፉት ቃል በቃል ከዳኞቹ ፍርድ ጋር ሲላክላቸው ግን ቁጥሩ ወደ 70 በመቶ አደገ። ሰው የገዛ ቃሉን ቁጭ ብሎ ሲያነብ ያፍራል።

እዚህ ከዚራ አካባቢ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ባለቤቱን ልጆቹ ሁሉ "ፋዘር" ነው የሚሏቸው። ስለ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ሰምተውም አያውቁም። አንድ ልጅ ጎል ገባበትና ተጋጣሚውን የማይደገም ነገር ተናገረው። ፋዘር ጨዋታውን ፓውዝ አደረጉ። "አሁን ያልከውን ድገምልኝ" አሉት። ልጁ ዝም። "እኔ ልድገምልህ?" አሉትና እንዳለ ደገሙለት፣ በተረጋጋ ድምፅ። ቤቱ ጭጭ አለ። "ጆይስቲኩን አስቀምጥ። አንድ ጌም ታልፋለህ፣ ከዚያ ትመለሳለህ።" ልጁ ወጥቶ በር ላይ ቆመ። ተራው ሲደርስ ገባ፣ ተጫወተም። ከቤት አላባረሩትም። አሥራ አምስት ዓመት ለማይሞላው ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያጠፋውን በሰዓቱ አወቀ፣ መመለሻውም ተነገረው።

ኦንላይን ላይ የጎደለን ይሄ ነው። ሪፖርት ታደርጋለህ፣ ምን እንደተደረገ አታውቅም። የተከሰሰውም የትኛው ቃሉ እንዳስቀጣው አያውቅም።

ለእኛ ደግሞ የቋንቋው ችግር ይጨመርበታል። እኔ ባየሁት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስድብ በኮከብ ምልክት ተሸፍኖ ይወጣል። በላቲን ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ስድብ ግን ሳይነካ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ የድምፅ ንግግርን የሚያዳምጥ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስገቡ። ሲጀምር የሚያውቀው እንግሊዝኛን ነበር፤ ሌሎች ቋንቋዎች ቆይተው ነው የተጨመሩት። የእኛ ተራ መቼ ይደርሳል? ከዚህ ሆነን ዩሲ፣ ማለትም የፓብጂን የጌም ገንዘብ፣ እየገዛን ነው። ብራችንን የሚቀበል ኩባንያ ስድባችንንም የሚለይ ሰው መቅጠር አለበት። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አጣርቶ የሚያውቅ ወጣት ድሬ ሞልቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ መብራት። እኛ ጋ ጨዋታ መሐል መብራት ይጠፋል። ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል። ልጁ ዳታ ከፍቶ እስኪመለስ ሎቢ ላይ ስሙ ጠፍቷል። ተናዶ የወጣና መብራት የጠፋበት ለሲስተሙ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ነጥብ ይቀነስባቸዋል። የሌላ አገሩን ሲስተም ማሳመን ይከብዳል። የሰፈራችን ልጅ ግን መብራት እንደሚጠፋ ያውቃል። እያወቀ ለምን ይሳደባል?

እኛ በቴሌግራም ትንሽ ግሩፕ አለችን። አብረን ስኳድ የምንሠራባት ናት። ማይክ መክፈት በፈቃድ ነው፤ ዝም ያለን ሰው ለምን ዝም አልክ ማለት አይቻልም። አንድ ሰው ከተሳሳተ ጌሙ እስኪያልቅ ስለ ስህተቱ አይወራም። ካለቀ በኋላ ይወራል፣ የምንማረውም ያኔ ነው። የተሳደበ ሰው የተናገረው በቃሉ ተጽፎ በውስጥ መስመር ይላክለታል፤ ግሩፕ ላይ አናዋርደውም። አብዛኛው ሰው "ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው" ብሎ ይመልሳል። የማይመልስም አለ።

ያልተስማማንበት አንድ ጉዳይ ቀርቶናል። በብሔር የተሳደበ ሰው ወዲያው ይወጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይመለስ ወይስ አይመለስ በሚለው ላይ ግን ተከፋፍለናል። ግማሾቹ በጭራሽ ይላሉ፤ የተሰደቡት እነሱ ስለሆኑ እረዳቸዋለሁ። እኔ ጊዜ ወስዶ፣ የተሰደበውን ልጅ ራሱን አነጋግሮ፣ የተሰደበው እሺ ካለ ይመለስ ባይ ነኝ። ካልመለስነው ማንም ምንም ወደማይለው ራንዶም ስኳድ ነው የሚሄደው። የእሺታው መብት ግን የተሰደበው ብቻ ነው፤ እኔም ሆንኩ የግሩፑ አድሚን በእሱ ፈንታ ይቅር ማለት አንችልም።

እናንተ ምን ትላላችሁ? በተለይ በዚህ መንገድ የተሰደባችሁ ካላችሁ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ። በድምፅም በጽሑፍም ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል ስማችሁን ሳልጠራ አቀርበዋለሁ።